መንግሥቱ ለማ፦ የያላቻ ጋብቻን ጉድ በሳቅ የገለጠው ሰው

ሰንበት ከወጣ በኋላ ራማት የዲዲም አያቴ ቤት ብትመጡ ሳሎኑ ውስጥ የሕንድ ፊልም ታገኛላችሁ። ልጁ የትልቅ ቤት ልጅ ነው፣ ልጅቱ ደኻ ናት። አንዱ ይዋሻል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ ከዚያ ዝናብ ይዘንብና ይዘፈናል። አያቴ ከቋንቋው አንዲት ቃል አታውቅም፤ ማን ማንን እያታለለ እንደሆነ ግን ከሁላችን ቀድማ ታውቃለች። ደኻዋ ልጅ ስትገፋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትወስዳለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቆ የያዛትን ልጅ ቤት አመጣ። ቡናው ተፈላ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጥያቄው ተጀመረ። የማን ልጅ ናት? አባቷ ከየት መንደር ነው? እናቷስ? ሰባት ቤት መቁጠሩን ሁላችንም ለምደነዋል፤ በሥጋ እንዳንቀላቀል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ፣ ብዙ ጊዜም ልጆቹ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ የሚጠየቅ ነው። መልሱም ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ቃል ናት፤ እዚህ አልጽፋትም። ሰርጉ ቀረ። እምቢ ካሉት መካከል አያቴ አንዷ ነበረች፤ ያቺው ለፊልሟ ልጅ የምታለቅሰው አያቴ።

ያን ሰሞን ነው የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ያነበብኩት። ርእሱ ራሱ በቂ ነው፤ አቻ ካልሆነ ሰው ጋር መጋባት ማለት ነው። እዚህ ተወልደን በዕብራይስጥ የተማርን ልጆች የዚህን ሰው ስም የምናውቀው ጥቂት ስለሆንን ሕይወቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። (ጋሽ መንግሥቱ በሕይወት ቢኖሩ እርሳቸው ማለት ይገባኝ ነበር። ደራሲን ግን አንባቢው እንደ ቤተ ዘመድ አንተ ይላል፤ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መንግሥቱ በ1924 ተወለደ። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ በቅኔና በመጽሐፍ ትርጓሜ የታወቁ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ልጅነቱ ሐረር ነው፤ እዚያም እንደ አባቱ ቅኔ ተማረ። ቅኔ ለማያውቅ ሰው በሰምና ወርቅ ማሰብ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ላይ ላዩን አንድ ነገር ትላለህ፣ ከሥሩ ሌላ ትቀብራለህ፣ አድማጩም ቆፍሮ ያወጣዋል። የመንግሥቱ ቀልድ ምንጩ እዚህ ይመስለኛል። ሰው አንዱን እየተናገረ ሌላውን ሲደብቅ መስማት የለመደ ጆሮ፣ የቤተ ዘመድ ሽንገላ አያመልጠውም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዘመናዊ ትምህርቱን በአዲስ አበባ ቀጠለ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን ተላከ። በሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተማረ። ለእኛ የሚቀርበን ነገር ግን ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ ያደረገው ነው። በብሪታንያ የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ መንግሥቱም በማኅበሩ ውስጥ በትጋት ከሚሳተፉት አንዱ ነበር። ከክፍል በኋላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ስለ አገር መከራከር፣ ለማኅበር መጻፍ፣ ማን ያንብበው ማን አያንብበው ሳያውቁ ማተም፤ ይህን መጽሔት የምናዘጋጀው ልጆች ነገሩን እናውቀዋለን። የሶሻሊዝምን አስተሳሰብ የቀመሰው፣ የበርናርድ ሾውንም ቴአትር የወደደው እዚያ ነው። ከሾው የወሰደው ትልቁ ነገር፣ ሕዝብን ስለ ራሱ ጉድ መስበክ ካስፈለገ መጀመሪያ ማሳቅ እንደሚሻል ነው።

ወደ አገሩ ተመልሶ በመንግሥት ሥራ ቆየ፤ ከዚያም በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኒው ዴልሂ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አንደኛ ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። ሕንድ ለዓመታት ቤቱ ሆነች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። መንግሥቱ በደረሰበት ዘመን ሕንድ ነጻ ከወጣች ገና ዐሥር ዓመት ገደማ ነበር፤ ሕገ መንግሥቷ በዘር መናቅን ከልክሏል፣ ሰርጉ ግን ሕገ መንግሥቱን አልሰማም። የአገሪቱ ፊልም ሠሪዎችም ይህንኑ ክፍተት ይዘው ነበር። በደቡብ፣ ማላያላም በሚነገርበት በኬረላ፣ በ1954 «ኒላኩዪል» የሚባል ፊልም ወጣ። አዘጋጆቹ ራሙ ካሪያትና ፒ ባስካራን ናቸው፤ የፕሬዚዳንቱንም የብር ሜዳልያ አግኝቷል። ታሪኩ አጭር ነው። ከትልቅ ዘር የተወለደ አንድ መምህር ኒሊ ከምትባል፣ አይነኬ ከሚሏቸው ሰዎች ከተወለደች ልጅ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ስታረግዝ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይክዳታል፣ የመሰሏን የዘሩን ልጅ ያገባል። ኒሊ የተወለደውን ሕፃን ትታ በባቡር ሐዲድ ላይ ሞታ ትገኛለች። ሕፃኑን ያነሣው መምህሩ አይደለም፤ የመንደሩ ፖስተኛ ነው። ልጁ በአባቱ ዓይን ሥር ያድጋል። አያቴ ይህን ብታይ ሁለት ነጠላ አይበቃትም። (ማላያላም ሩቅ መስሎ እንዳይታያችሁ፤ የኮቺን አይሁድ ቋንቋ ነው፣ በኔጌቭ ኔቫቲም ሞሻቭ ሽማግሌዎቹ ይናገሩታል። እነሱም በዘራቸው መካከል የነጩና የነጻ የወጣው ልዩነት ጋብቻ ሲከለክል ኖሯል።)

ኬረላ ውስጥ ይህ ታሪክ ለቅሶ ሆኖ ተነገረ። መንግሥቱ ያንኑ ዓይነት ታሪክ ይዞ ወደ ሳቅ ሄደ። ሁለቱ ኮሜዲዎቹ፣ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ»፣ የሕንድ ዘመኑና ከዚያ የተመለሰበት የ1960ዎቹ ዓመታት ፍሬዎች ናቸው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራውም በዚያው ዘመን መሆኑ ያስገርመኛል። የዚያ ፊልም ጥያቄ ርእሱ ላይ አለ፤ ልጅ አለ፣ አባት ግን የለም።

«ያላቻ ጋብቻ» የሚያወራው ስለ አንድ የትልቅ ቤት ልጅ ነው። ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል፤ ሹመት እየጠበቀው ትቶ ገጠር ገብቷል፣ ገበሬውን ማስተማር ይፈልጋል። በቤቱ የምትሠራውን ልጅ ይወዳል። ያሳደገችው አክስቱ ልትድረው፣ የመሰለውንና የሚመጥነውን ልታመጣለት ከከተማ ስትወርድ ነው ነገሩ የሚፈነዳው። አክስቲቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የቴአትሩ ጥበብ ይህ ነው። የምትወደው ልጇን ከጥፋት የምታድን መስሏት ነው የምትሟገተው። የዘር ሐረግ ስትቆጥር፣ የማን ልጅ የማንን አግብቶ ምን እንደደረሰበት ስታስረዳ፣ ሕዝቡ ይስቃል፤ ሳቁ ግን እየቆየ ወደ ራሱ ይዞራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ተመልካች እንዲህ ያለች አክስት አለችው። እኔ ሦስት አሉኝ።

መዋሸቱም አለ። መንግሥቱ የያዘው ውሸት የፊልም ተንኮለኛ ውሸት አይደለም፤ በየቤታችን ያለው ዓይነት ነው። ልጁ ለቤተሰቡ የማይነግረው፣ ቤተሰቡም እያወቀ እንዳላወቀ የሚሆነው። ማኅበረሰቡ እውነቱን ለመናገር ዋጋ ስለሚያስከፍል ሁሉም በጨዋ ደንብ ይዋሻል። ዘመዴ ሁለት ዓመት ያደረገው ይህንኑ ነው።

«ጠልፎ በኪሴ» ይበልጥ ያስቃል፤ እኔን ግን ይበልጥ ይቸግረኛል። ማግባት የሚፈልግ አንድ የተማረ ወጣት በወዳጆቹ ምክር እንደ ጥንቱ ሊጠልፍ ይነሣል። መንግሥቱ ጠለፋውን እያሾፈበት ነው፤ ዘመናዊ ነኝ ባዩን ወንድ አስቂኝ አድርጎታል፤ ልጅቱም ዝም ብላ የምትሸከፍ ዕቃ አይደለችም፣ አፍ አላት። ሆኖም እንደ ኮሜዲ ወግ ነገሩ ወደ ዕርቅ ያዘነብላል። በዚያ ዘመን የነበረው የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ይህ አንቀጽ የተሻረው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕግ ነው። በእኛ ቤተሰቦችም ውስጥ ተጠልፈው የተዳሩ አያቶች አሉ፤ እነሱ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፣ ሲስቁበትም አይቼ አላውቅም። ቴአትሩን እያነበብኩ ሳቄ መሀል ላይ የተቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ግጥሞቹም አሉ። «የግጥም ጉባኤ» በሚለው መድበል የሚታወቀው መንግሥቱ ተራ የሚመስል፣ የንግግር ቋንቋ የሚሸት ግጥም ጽፏል። ከሁሉ የታወቀው ስለ ባሻ አሸብር የሚተርከው ነው። ባሻ አገሩ የተከበረ፣ ማዕረግ ያለው፣ በታሪኩ የሚኮራ ሰው ነው፤ አሜሪካ ይሄድና እዚያ የቆዳው ቀለም ከማዕረጉ ቀድሞ እንደሚታይ ይማራል። ይህን ግጥም ለአንድ ከጎንደር ለመጣ፣ መንደሩ ውስጥ ሽማግሌ ሆኖ ሲያስታርቅ ኖሮ እዚህ ፋብሪካ ደጃፍ ዘበኛ ለሆነ ሰው አንብቡለት። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሽልማት በኩል አልተረሳም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሸልሞታል። ከአብዮቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አስተማረ፣ «ባለ ካባና ባለ ዳባ»ን የመሳሰሉ ቴአትሮችን አቀረበ፣ ከፕሪስትሊና ከቼኾቭ ወደ አማርኛ መለሰ። በእኔ ግምት ከኋለኞቹ ሥራዎቹ ይልቅ የቀደሙት ሁለቱ ኮሜዲዎች ይበልጣሉ። ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ መደብ ሲጽፍ ትክክል ነው፤ ስለ አክስት ሲጽፍ ግን ሕያው ነው።

መንግሥቱ በሐምሌ 1988 አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፈ። ከእኛ ወላጆች ከፊሎቹ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ገብተው ነበር፤ ሌሎቹ ገና ጎንደር ነበሩ፣ የ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። የራሱን ሕይወት የጻፈበት «ደማሙ ብዕረኛ» የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ መጽሐፍ አስቀርቻለሁ፤ ለእኔ ከቴአትሮቹም የሚበልጠውን። በ1960ዎቹ ውስጥ አባቱን አለቃ ለማን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ቴፕ ከፍቶ፣ እየጠየቀ ድምፃቸውን ቀዳ። ሽማግሌው ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ቅኔ ቤት፣ በእግር ስለዞሩባቸው አገሮች፣ ስላዩአቸው ነገሥታትና መኳንንት እንደመጣላቸው አወሩ። ልጁም የሊቅ ጽሑፍ አስመስሎ አላስተካከለውም፤ አነጋገራቸውን ከነለዛው ወረቀት ላይ አሰፈረው። «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ይባላል። አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ሽማግሌ ከጎናችሁ ተነሥቶ የሄደ ይመስላችኋል። ለንደንና ዴልሂ የኖረ፣ የሾውን ቴአትር የሚወድ ሰው፣ የአባቱን ወግ ኋላ ቀር ነው ብሎ አልጣለውም፤ ቁጭ ብሎ አዳመጠ፤ በዚያው እጁ ደግሞ ያ ወግ የሚያስከትለውን ጉድ በቴአትር ገለጠ። ሁለቱን ባንድ ሰው ውስጥ ማየት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። እኔ አያቴ ላይ ተቆጥቼ ሁለት ወር ሳልሄድ ቆይቼ ነበርና።

በሱኮት ዕረፍት ሄድኩ። ስልኬን የቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀመጥኩና እንደምቀዳት ነገርኳት። ቴሌቪዥኑን አስጠፋችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሥዕል እንደማላነሣ ብነግራትም አልሰማችኝም። ስለ መንደሯ ጀመረች፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሸክላ ሥራው፣ ጎረቤት ክርስቲያኖች ስለሚፈሯቸውና ስለሚሏቸው ነገር፤ እነሱም ለእኛ የሚሉት አንድ ቃል እንደነበራቸው። ቃሉን ስትናገረው ድምፅዋ ዝቅ አለ። እኔ ምንም አላልኩም።

እስከ አሁን አርባ ደቂቃ ቀድተናል። ስለ ዘመዴ ሰርግ ገና አልጠየቅኳትም።