ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ፦ የተራራው መንገደኛ

የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛን ስም ያልሰማ ካቶሊካዊ ጥቂት ነው። በ1925 የክርስቶስ ንጉሥ በዓልን የደነገጉ፣ በ1929 ቅድስት መንበር ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የላተራንን ስምምነት ስትፈራረም በመንበሩ ላይ የነበሩ አባት መሆናቸውን ካቴኪስቶቻችን ያስተምራሉ። በዚህ ጽሑፋችን ግን ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ፣ ገና አባ አኪለ ራቲ ይባሉ በነበረበት ዘመን፣ ስላደረጉት አንድ የተራራ ጉዞና ስለ ዝግጅቱ በሰፊው ልንናገር ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አኪለ ራቲ በሰሜን ኢጣልያ፣ በሚላኖ አቅራቢያ በምትገኘው በዴዚዮ ከተማ ሜይ 31 ቀን 1857 ተወለዱ። አባታቸው የሐር ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አጎታቸው አባ ዳሚያኖ ራቲ በአሶ ቁምስና ቆሞስ ስለ ነበሩ ልጁ የትምህርት ዕረፍቱን የሚያሳልፈው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ተራራንም በቅርብ ያየው በዚያ ነው። በዲሴምበር 20 ቀን 1879 በሮማ ማዕረገ ክህነትን ተቀበሉ፤ ጥቂት ዓመታት በሚላኖ ዘርአ ክህነት ካስተማሩ በኋላም በ1888 በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው በጥንታዊ ብራናዎች መካከል ነበር። በዚያው ዓመት የኢጣልያ ተራራ ወጪዎች ማኅበር የሚላኖ ቅርንጫፍ አባል ሆኑ። ብራና መመርመርና ገደል መውጣት ምን ያገናኛቸዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከዚህ በታች በምንተርከው ጉዞ ውስጥ ሳይገኝ አይቀርም።

በኢጣልያና በስዊዘርላንድ ወሰን ላይ ሞንተ ሮዛ የሚባል ታላቅ ተራራ አለ። ከጫፎቹ ሁሉ የሚበልጠው ዱፉር የተባለው ሲሆን ከፍታው 4,634 ሜትር ነው፤ ከእኛው ከራስ ደጀን ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማኩኛጋ ከምትባለው የኢጣልያ መንደር በኩል ያለው የምሥራቁ ፊት ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ የበረዶና የዓለት ግድግዳ ነው። በዚያ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው በ1872 ሲሆን፣ መንገዱን የመራው ፌርዲናንድ ኢምሴንግ የተባለ ሰው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1881፣ ይኸው መሪ ከዳሚያኖ ማሪኔሊና ከባቲስታ ፔድራንዚኒ ጋር በዚያው ግድግዳ ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶባቸው ሦስቱም ሞቱ። ናዳው የሚወርድበት ሸንተረርም እስከ ዛሬ በማሪኔሊ ስም ይጠራል።

አባ አኪለና ጓደኛቸው ካህኑ አባ ሉዊጂ ግራሴሊ በ1889 ለመውጣት ያሰቡት ይህንኑ ፊት ነበር። ሐሳቡ ድንገት የበቀለ አልነበረም። ከእነርሱ በፊት የወጡ ሰዎች የጻፉትን ተመለከቱ፤ መሪያቸው የኩርማየሩ ጁዜፔ ጋዲን፣ ጓዝ ተሸካሚያቸው አሌሳንድሮ ፕሮመንት እንዲሆኑ ወሰኑ። ከሁሉ በላይ ያሰቡበት የሰዓቱ ጉዳይ ነበር። በረዶው ሌሊት በብርድ ደርቆ ይይዛል፤ ፀሐይ ስትመታው ግን ይላላል፤ ናዳውም ያን ጊዜ ይነሣል። ስለዚህ የማሪኔሊን ሸንተረር ጎህ ሳይቀድ መሻገር የግድ ነበር። ይህም ማለት አስቀድሞ ወደ መጠለያው ጎጆ ወጥቶ ማምሸት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በጨለማ መነሣት፣ ቀኑ ቢመሽም በግድግዳው ላይ ለማደር ልብንና ጓዝን ማዘጋጀት ማለት ነው።

አራቱ ሰዎች በጁላይ 29 ቀን ከማኩኛጋ ተነሥተው በማሪኔሊ ስም በተሠራው ጎጆ ዐረፉ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በአንድ ገመድ ታስረው ጉዞ ጀመሩ። ይህን ገመድ አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። አራት ሰዎች በአንድ ገመድ ሲታሰሩ የአንዱ ስሕተት የአራቱም ነው፤ በችኮላ የሚራመድ ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ነፍስ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሸንተረሩን በሰላም ተሻገሩ። ቀኑን ሙሉ በበረዶው ላይ በመጥረቢያ ደረጃ እየቆረጡ ወጡ፤ በረዶው ግን ከጠበቁት በላይ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ከጫፉ አጠገብ ሲደርሱ መሸ።

እዚህ ላይ ውሳኔ ያስፈልግ ነበር። በጨለማ ወደ ፊት መሄድም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ ጥፋት መስሎ ስለ ታያቸው በምሥራቃዊው ጫፍ ሥር፣ በ4,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ እግር ከማሳረፍ በቀር መንቀሳቀስ በማይቻልበት ጠባብ ድንጋይ ላይ ሌሊቱን ለመጠበቅ ቆረጡ። የያዙት ቡና በረዶ ሆነ፤ ወይኑም የማይጠጣ፣ እንቁላሉም የማይበላ ሆነ፤ የቀራቸው ቸኮላታ ነበር። በዚያ ብርድ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ላይነቃ ስለሚችል ማንም ዓይኑን እንዳይከድን ተጠባበቁ። ኋላ በማኅበሩ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ አባ አኪለ ስለ ሥቃያቸው አብዝተው አልጻፉም፤ ሰማዩ፣ ከዋክብቱ፣ ዝምታው የፈጣሪን ታላቅነት እንዴት እንዳሳያቸው ይበልጥ ጻፉ። ተራራ መውጣት የደፋሮች እብደት ሳይሆን የአስተዋይነትና የጥቂት ድፍረት ሥራ መሆኑንም በዚያው ገለጡ። ከቁምስና ርቀው ወደሚገኙ ጸሎት ቤቶች ቀናት በእግር የሚጓዙት ካቴኪስቶቻችን ይህ አነጋገር የሚገባቸው ይመስለናል፤ ወንዝ ሲሞላ ከዳር ተቀምጦ መጠበቅ ፍርሃት አለመሆኑን ያውቁታልና።

በማግሥቱ የዱፉር ጫፍ ላይ ደረሱ። ከዚያም ማንም በዚያ መልኩ ያልተሻገረውን የዙምሽታይንን መተላለፊያ አልፈው ወደ ስዊዘርላንድ ወረዱ፤ ሁለተኛውንም ሌሊት ከበረዶው ግግር አጠገብ በድንጋይ ክምር ላይ አሳልፈው ወደ ዜርማት ገቡ። ከአራቱ አንድም አልጎደለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማተርሆርንን ወጡ። በ1890 ደግሞ ከሞን ብላን ጫፍ ወደ ኢጣልያ በኩል አዲስ መንገድ ከፍተው ወረዱ፤ በዚያ በኩል የሚወጡ ሰዎች ይህን መንገድ ዛሬም የጳጳሱ መንገድ ይሉታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። በሚላኖ ቀጥሎም በቫቲካን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ፤ ከ1918 ጀምሮ ወደ ፖላንድ ተልከው የቅድስት መንበር እንደራሴ ሆነው ሠሩ። በኦገስት 1920 የቦልሼቪክ ጦር ወደ ዋርሶ ሲቃረብ አብዛኞቹ የውጭ አገር መልእክተኞች ከተማይቱን ሲለቁ እሳቸው እዚያው ቆዩ። በ1921 የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ፣ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1922 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡ። ከ1870 ጀምሮ ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ከቫቲካን ቅጥር አይወጡም ነበርና፣ ያ የተራራ ሰው ከ1929 ስምምነት በፊት ለሰባት ዓመታት በአትክልት ቦታ ውስጥ ብቻ የሚራመድ ሆነ። በ1923 ቅዱስ በርናርዶስ ዘመንቶንን የተራራ ወጪዎች ጠባቂ አድርገው ሲሰይሙ የቀድሞ ጓደኞቻቸውን ሳያስታውሱ የቀሩ አይመስለንም።

ለአገራችን ካቶሊካውያን ባለውለታ ናቸው። የኢትዮጵያ ኮሌጅ በ1919 በበነዲክቶስ 15ኛ ተመሥርቶ ነበር፤ በቫቲካን አትክልት ውስጥ አዲሱን ሕንፃ ያሠሩለት ግን ፒዮስ 11ኛ ናቸው። ብዙ ካህናቶቻችን በዚያ ተምረዋል።

ሌላውንም መጻፍ ይገባናል። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በኦገስት 27 ቀን ለካቶሊክ ነርሶች ባደረጉት ንግግር የወረራ ጦርነት ፍትሕ የሌለው ጦርነት እንደሚሆን ተናግረው ነበር። ንግግሩ ሲታተም ግን ቃሉ ለዝቦ ወጣ። በኦክቶበር ጦርነቱ ሲጀመር በይፋ አላወገዙትም፤ ብዙ የኢጣልያ ጳጳሳት ዘመቻውን ሲደግፉም ዝም አሉ። ለዝምታቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ልዩ ልዩ ምክንያት ይሰጣሉ። በሞንተ ሮዛ ለአራት ሰዎች የሆነው ጥንቃቄ በዚያ ዓመት ለሕዝባችን አልሆነለትም፤ ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ የሕይወታቸውን ታሪክ ተናገርን ለማለት አንደፍርም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በፋሺስትና በናዚ መንግሥታት ላይ የነበራቸው አቋም እየጠነከረ ሄደ። የላተራን ስምምነት 10ኛ ዓመት በሚከበርበት በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1939 ለኢጣልያ ጳጳሳት የሚናገሩትን አዘጋጅተው ነበር። በዋዜማው ዐረፉ። ንግግሩም ዮሐንስ 23ኛ በ1959 ከፊሉን እስኪያወጡት ድረስ ለሃያ ዓመታት ሳይነበብ ቆየ።