አንቷን ዳባዲ፦ የሰማይ ልኬት፣ የምሁራን ግምገማና የተለማማጁ ድርሻ

መግቢያ

በትውፊት እንደሚነገረው ደሴ ከተማ የተቆረቆረችው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 ወሎ ውስጥ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ በማየታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት መስከረም ወር የታየው ጅራታም ኮከብ በቀን ብርሃን ሳይቀር ይታይ እንደነበር በልዩ ልዩ አገሮች ተመዝግቧል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ቀድሞ በኢትዮጵያ ለዓመታት የኖረው አንቷን ዳባዲ በ72 ዓመቱ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመለካት ሄይቲ ደሴት ላይ ነበር።

ዳባዲ በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የሚታወቀው በሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትና በ1881 ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው በሌላው የሕይወቱ ገጽ ላይ ነው፤ ይኸውም በሰማይ አካላት ምልከታ ላይ የተመሠረተው ሥራው እንዴት እንደ ተገመገመ፣ ግምገማውም በአንድ ወጣት ረዳት እጅ እንዴት መልክ እንደ ያዘ ነው። ተማሪዎች በኅዋ ምርምር ግምገማና በሳይንስ ተግባቦት የሚያደርጉት የተግባር ልምምድ ምን መምሰል እንዳለበት ለሚነሣው ጥያቄ የዳባዲ ታሪክ ጠቃሚ ማነጻጸሪያ ነው።

ከደብሊን እስከ ጎንደር

ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ ደብሊን ከባስክ ተወላጅ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው ግን በፈረንሳይ ነው። በ1836 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እንዲለካ ወደ ብራዚል ላከው። ይህ ጉዞ በዛሬው አነጋገር የተግባር ልምምዱ ነበር ማለት ይቻላል፤ በተቋም ታዝዞ፣ በተሰጠው መመሪያ መሠረት መለካትንና ውጤቱን ለላከው አካል ማስረከብን ተምሮበታል።

በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ እንደማይበቁ በመረዳቱ ወደ አውሮፓ ተመልሶ የተሻሉ ይዞ በ1840 እንደገና መጣ። እስከ 1848 ድረስም በትግራይ፣ በጎንደር፣ በጎጃምና ከዐባይ ማዶ ባሉ አገሮች ተዘዋወረ። በጎንደር ወንድማማቾቹ ከሊቅ አጽቁ ጋር ተወዳጅተው ነበር። የአገሩን ቋንቋ፣ የተራሮቹንና የወንዞቹን ስም የሚነግሩት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የለካቸው ማዕዘኖች ስም አልባ ቁጥሮች ሆነው በቀሩ ነበር።

የአለካኩ ስልት

በዘመኑ አንድን አገር በትክክል ለመለካት ሜዳ ላይ ሰንሰለት ዘርግቶ መነሻ መስመር መለካትና ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ማዕዘኖችን ማቀጣጠል የተለመደ ነበር። ጥቂት አሽከሮችን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ አይቻልም። ዳባዲ ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። በፀሐይና በከዋክብት ከፍታ የቆመበትን ኬክሮስ ይወስናል፤ ከዚያም ከኮረብታ ላይ በቴዎዶላይት ዙሪያውን እያየ በአድማስ የሚታየውን ተራራ ሁሉ አቅጣጫ ይመዘግባል። የሁለት ቦታዎች ኬክሮስና በመካከላቸው ያለው አቅጣጫ ከታወቀ ርቀታቸው በስሌት ይገኛል። ስልቱን ፈጣን ጂኦዴሲ ብሎ ሰየመው።

ከፍታን ደግሞ በውሃ መፍያ ሙቀት ይለካ ነበር። መርሑን በደሴና በኮምቦልቻ በቀላሉ ማየት ይቻላል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በኮምቦልቻ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላ ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ የንባብ ስህተት በከፍታው ላይ የ30 ሜትር ያህል ልዩነት ያስከትላል። እንዲህ ባለ ሥራ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚናገር ሰው የሚታመንበት ምክንያት የለም፤ ቴርሞሜትሩ የቱ እንደ ነበር፣ ስንት ጊዜ እንደ ተነበበና ምን እርማት እንደ ተደረገበት መታወቅ አለበት።

ክርክሩ

ዳባዲን ችግር ላይ የጣለው ይኸው ነበር። በ1843 ከፋ ደርሶ ቦንጋን አይቷል፤ በ1846 ደግሞ ከወንድሙ ጋር የነጭ ዐባይን ምንጭ በጊቤ ወንዝ ላይ አገኘሁ ብሎ አመነ። እነዚህ ወሬዎች በአውሮፓ የታወቁት በመጽሔቶች በወጡ ደብዳቤዎቹ አማካይነት ነበር፤ የልኬቱ መዝገብ ግን ገና አልታተመም ነበር። ዜናው ከማስረጃው ቀደመ።

በሸዋና በጎጃም የተጓዘው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ የታተሙትን ጽሑፎች መርምሮ በ1850 የከፋ ጉዞ ጨርሶ አልተደረገም የሚል ክስ አወጣ። በዚያው ዓመት የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። ቢክ ከዚሁ ማኅበር ተሸልሞት የነበረውን ሜዳሊያ በተቃውሞ መለሰ። የአንድ ተመራማሪ ክብር በማኅበር ድጋፍ ብቻ ሊጸና እንደማይችል በዚህ ታየ፤ ሽልማቱ ጥርጣሬውን አላጠፋውም።

ወጣቱ ረዳት

ዳባዲ የመዝገቡን ስሌት ለብቻው አልሠራም። በ1835 በፕሩሲያ የተወለደው ሩዶልፍ ራዶ ፓሪስ መጥቶ ሥራውን ሲይዝ ገና ወጣት የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነበር። ማዕዘኖቹን እንደገና አሰላ፣ እርስ በርስ አስተያየ፣ ለኅትመትም አሰናዳ። ከ1860 እስከ 1873 በተከታታይ የወጣው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለው ታላቅ ሥራ ርእሱ ራሱ ያረጋገጠውና ያሰናዳው ራዶ መሆኑን ይናገራል። የለካውና ያረጋገጠው ሰው ስም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቆመ። መጽሐፉ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን መነሻ ንባቦቹንም ስለያዘ ማንኛውም አንባቢ ስሌቱን ከመጀመሪያው መድገም ቻለ። ከምጽዋ እስከ ቦንጋ የተዘረጋው የልኬት ሰንሰለት ለቢክ ክስ ከማንኛውም ሙግት የበለጠ መልስ ሆነ።

ራዶ ከዚህ በኋላ ሳይንስን ለሰፊው አንባቢ በሚያስረዱ ጽሑፎቹ ታወቀ፤ በ1897ም የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። የሌላውን ሰው ልኬት መመርመርና ለሕዝብ ማስረዳት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተደጋግፈው የሄዱ ሙያዎች ነበሩ።

የጸናውና ያልጸናው

ዳባዲ ስለ ነጭ ዐባይ የደረሰበት መደምደሚያ ስህተት ነበር። ጊቤ የኦሞ ገባር ነው፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚፈስ በ1896 የቦተጎ ጉዞ አረጋገጠ። የወደቀው ግን ትርጓሜው ነው። ማዕዘኖቹ፣ ኬክሮሶቹና ከፍታዎቹ ተለይተው ስለ ታተሙ ከስህተቱ ጋር አብረው አልወደቁም፤ ኋላ የመጡ ካርታ ሠሪዎች ተጠቅመውባቸዋል።

ዳባዲ በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆነ። በፈረንሳይ አንዳይ ባሠራው ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ አቋቁሞ ነበር፤ ይህንንም በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ ግዴታ አስገብቶ ለአካዳሚው አወረሰ። ምልከታውን በአብዛኛው የሚያከናውኑት በዚያው የሠለጠኑ ካህናት ነበሩ። ዳባዲ በመጋቢት 1897 ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት አምጥቃለች። የሳተላይት ምስል በምድር ላይ ካልተረጋገጠ ትርጓሜው እንደ ጊቤው ምንጭ ሊያስት ይችላል። የቦርከናን ሸለቆ ወይም የጦሳን ተዳፋት በእግሩ ሄዶ ከምስሉ ጋር የሚያስተያይ ተማሪ ከራዶ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ይሠራል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች የሚዘጋጅ የተግባር ልምምድ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ሊወስድ ይችላል፦ ተለማማጁ መነሻ መረጃውን ራሱ የመመርመር ሥልጣን ይኑረው፤ ግኝት ለሕዝብ ሲነገር ማስረጃው አብሮ ይውጣ፤ የመረመረውም ሰው ስሙ ከሥራው ጋር ይጻፍ።