አበባ ለቃሚዋ ኤሊስ ኢስትውድ

ኤሊስ ኢስትውድ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በካናዳ ተወለደች። አድጋም በአሜሪካ፥ በዴንቨር ከተማ፥ አስተማሪ ሆነች። በ1892 ዓ.ም. በጸደይ ወራት ዩታ በሚባለው ደረቅ የገደል አገር በፈረስ ተጓዘች። በዚያ ዝናም ጥቂት ነው፤ አበባውም ፈጥኖ ይጠወልጋል። ስለዚህ አበባውን እየቀጠፈች በወረቀት መካከል ታደርቀው ነበር። ለደረቅ ሣር ይህን ያህል ድካም ምንድን ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ኋላ በሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ ያሉ የደረቁ አትክልቶች የተከማቹበት ቤት ጠባቂ ሆነች። በ1906 ዓ.ም. ምድር ተናውጣ ከተማይቱ ስትቃጠል፥ ደረጃው በፈረሰው ቤት እስከ ስድስተኛው ፎቅ ወጥታ ከሺህ የሚበልጡትን አዳነች፤ በገመድም አወረደቻቸው። የገዛ ንብረቷ ግን ተቃጠለ። እርሷም ዳግመኛ ለመልቀም ወጣች። በዩታ ገደል ጥላ፥ ውኃ ከዓለቱ በሚንጠባጠብበት ስፍራ የሚበቅል አንድ ቀይ አበባ ዛሬም በስሟ ይጠራል።