የተናቀው ሐኪም፤ የዶክተር ሃሮልድ ሙዲ ታሪክ

የሕክምናን ሥራ የሚማር ሰው አጥንትንና ጅማትን፥ ትኩሳትንና መድኃኒትን ያጠናል። ነገር ግን ከትምህርቱ ሁሉ የሚከብደው በመጽሐፍ አይገኝም፤ እርሱም በሽተኛው ስለ መልኩ ወይም ስለ ዘሩ ንቆ እንዳይነካው ቢከለክለው እንዴት መሆን እንደሚገባው ማወቅ ነው። ይህን ትምህርት ከዶክተር ሃሮልድ ሙዲ ኑሮ ልንቀስም እንችላለን።

ሙዲ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቱ መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። ልጁም በ1904 ዓ.ም. ሕክምና ሊማር ባሕር ተሻግሮ ሎንዶን ደረሰና በኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በዚያ ከተማ ስለ መልኩ ጥቁርነት የሚያድርበትን ቤት ለማግኘት እንኳ ተቸገረ። ሆኖም በትምህርቱ በርትቶ ሽልማቶችን ተቀበለ፤ በ1910 ዓ.ም. ፈተናውን ፈጽሞ ሐኪም ለመባል በቃ።

ከዚህ በኋላ የሚበልጠው ፈተና መጣ። በተማረበት ኮሌጅ ሆስፒታል ለመሥራት ቢጠይቅ፥ የአስታማሚዎቹ አለቃ ጥቁር ሐኪም በዚያ እንዲሠራ ስላልወደደች ተከለከለ። በካምበርዌል ደግሞ የድሆችን ርዳታ የሚያስተዳድረው ሸንጎ፥ ሙዲ ለሥራው የተገባ ሆኖ ሳለ፥ ድሆቹ በጥቁር ሰው መታከም አይወዱም በማለት መለሰው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር አስተውል። የተናገሩት ድሆቹ አይደሉም፤ በድሆቹ ስም ሹማምንቱ ተናገሩ እንጂ። ታላላቆች የራሳቸውን ንቀት በታናናሾች ስም የሚሸፍኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሙዲ ግን ተስፋ ቈርጦ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1913 ዓ.ም. በዚያው በካምበርዌል ክፍል፥ ፔክሃም በሚባለው ሰፈር፥ የራሱን የሕክምና ቤት ከፈተ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ያለው የመንግሥት ሕክምና የተጀመረው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በዚያን ዘመን ድሀ ሰው ልጁ ሲታመምበት ሐኪም ከመጥራቱ አስቀድሞ ኪሱን ይመለከት ነበር። ሙዲ ገንዘብ የሌላቸውን ያለ ዋጋ ያክም ነበር። ጥቁር ሐኪም አይወዱም የተባሉትም ድሆች ወደ ደጁ መጡ፤ ልጆቻቸውንም አመጡለት። ንቀት በሩቅ ሲሆን ይበረታል፤ የታመመ ልጅ ታክሞ ሲድን ግን ወዴት ይቆማል?

ይሁን እንጂ ሙዲ ታጋሽ ነው ማለት ዝም አለ ማለት አይደለም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባል፥ የሕዝብም በሽታ ሊገለጥ ይገባዋልና፥ በ1931 ዓ.ም. የባለ ቀለም ሕዝቦች ማኅበር የሚባለውን አቆመ። ይህ ማኅበር ጥቁር ሴቶች አስታማሚነትን እንዳይማሩ ስለሚከለክሉ ሆስፒታሎችና ማደሪያ ስለሚያጡ ተማሪዎች ይሟገት ነበር። በ1935 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜም ስለ ኢትዮጵያ ድምፁን አሰማ። ሙዲ ራሱ ጽኑ ክርስቲያን ነበረና በ1943 ዓ.ም. የሎንዶን ሚሲዮን ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ።

በ1944 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ከፔክሃም አጠገብ በኒው ክሮስ የጀርመን ሮኬት ወድቆ 168 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ ቍስለኞቹን ከረዱት ሐኪሞች አንዱ እርሱ ነበረ። በ1947 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ በኖረበትና ብዙ ዘመን ባገለገለበት በፔክሃም ዐረፈ።

እንግዲህ ሕክምና የምትማር ወዳጄ ሆይ፥ ሁለቱን ነገር ለይተህ እወቅ። በሽተኛ ቢንቅህ፥ ሕመምና ፍርሃት በሰው አፍ እንደሚናገሩ አስብ፤ ድምፅህን ሳታነሣ፥ ሥራህንም ሳታጓድል እርዳው። ፈጽሞ እንቢ ቢልህ፥ ሳይታከም እንዳይቀር ለመምህርህ አስታውቅለት። ንቀቱ ግን ደንብ ሆኖ በሹም አፍ ቢነገር፥ በዚያ ዝም ማለት ትሕትና አይደለም፤ ከአንተ በኋላ በሚመጡት ላይ በር መዝጋት ነው እንጂ።

በመንገድ የወደቀውን ቍስለኛ ያነሣው ሳምራዊ፥ በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ሰው ነበረ። ዘይቱን በቍስሉ ላይ ከማፍሰሱ በፊት ግን ያ ሰው ይወደው ወይም ይጠላው እንደ ሆነ አልመረመረም።