ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ በሸክላ የቀረው ድምፅና ከሸክላ ውጪ የቀረው

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ በዋናነት የሚታወሱት ዜማና ግጥማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው ነው። ዝናው ተገቢ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ከቅጂዎቹ ጋር አያይዞ ለተመለከተ፣ ሸክላው ካዳነው ነገር ጎን ያላዳነው ጎልቶ ይታያል። የዕለት ተዕለት ድምፆችን ለመጪው ትውልድ ማቆየትን በሚመለከት የሚነሣው ጥያቄም በዚሁ ክፍተት ላይ የቆመ ነው።

ተሰማ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የወጣትነት ዘመናቸው ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ነበር። በዘመኑ የንግግር ችሎታ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥም ይሟገቱ ነበር፤ በግብር አዳራሽም አንዲት የሰላች ስንኝ ሹመት ልታሰጥ ወይም ቂም ልታተርፍ ትችል ነበር። ተሰማ በሙያ አዝማሪ አልነበሩም። መኳንንቱ አዝማሪን ዝቅ አድርገው በሚያዩበት ኅብረተሰብ ውስጥ የቤተ መንግሥት ሰው ሆነው ማሲንቆ መጫወታቸው ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

የድምፅ መቅረጫ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ቀድሞ የታወቀ መሣሪያ ነበር። በ1891 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ለምኒልክ ልካ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በዚያው መሣሪያ መልሰዋል። የቪክቶሪያ ቅጂ ከተሰማ በኋላ በራሷ ትእዛዝ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1898 ዓ.ም. ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድንም በሰም ሲሊንደር የቀረጻቸውን ድምፆች ይዞ ወደ በርሊን ተመልሷል። የመጀመሪያው ቅጂ ለዲፕሎማሲ፣ ሁለተኛው ለሳይንስ የተሠራ ነው። የተሰማ ሸክላዎች ግን ለገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በብዙ ቅጂ የተባዛ ዕቃ ከመዝገብ ቤት ውጪም የመትረፍ ዕድል አለውና።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ የሚነዳቸውና የሚጠግናቸው ሰው አስፈለገ። ተሰማ ወደ ጀርመን የተላኩት ለዚሁ ትምህርት ነበር። በርሊን ሳሉ ማሲንቆ እየመቱ የዘፈኑት በሸክላ ተቀረጸ። ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ የዋለው በ1917 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ዘፋኝ የሚዘፍነው ወደ ትልቅ መለከት አፉን አስጠግቶ ነበር፤ የድምፁ ኃይል ብቻውን መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይጽፋል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ነው። በማሲንቆ ጨዋታ ግን ሰዓት የሚወስነው ታዳሚው ነው፤ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። በበርሊኑ ክፍል ያ ታዳሚ አልነበረም። ስለዚህ ሸክላው የያዘው ምልልስ ለምዶ የኖረን ሰው ብቸኛ ድምፅ ነው።

ከተመለሱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን የነጋድራስነትን ሹመት አገኙ። ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸውም ዕድል አብሮ ተገለበጠ። በኋላ በእግር ኳስ ስማቸው ከአገር አልፎ በአፍሪካ የገነነው ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት በጅማ ነው። ነጋድራስ ተሰማ የጣልያንን ወረራም አሳልፈው በ1950ዎቹ አጋማሽ አረፉ።

ከሞታቸው በኋላ ቅርሳቸው በሁለት መንገድ ቆየ። ይድነቃቸው የአባታቸውን ሕይወትና ግጥም «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ መጽሐፍ አሰባሰቡ፤ ሸክላዎቹም ከተቀረጹ ከመቶ ዓመት በኋላ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው በሲዲ ታተሙ። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይተካም። መጽሐፉ ግጥሙን ከነታሪኩ፣ ማን ለምን እንደተባለ ጭምር ያስረዳል፤ ሸክላው ይህን አያውቅም። በአንጻሩ የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አያመለክትም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ይገልጻል፤ የቅኔ ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚደበቀውም በዚህች ልዩነት ውስጥ ነው። ዘፋኙ የቱን እንዳጠበቀ፣ የት ላይ ትንፋሽ ወስዶ አድማጩን እንዳጓጓ የሚመሰክረው ሸክላው ብቻ ነው። ከዚህ አንጻር ቅጂዎቹ ከሙዚቃ አጥኚዎች ይልቅ የአማርኛ ሥነ ድምፅ ተመራማሪዎችን ትኩረት ሊስቡ በተገባ ነበር።

ተሰማን ያስተማራቸው የድምፅ ዓለም ግን በሸክላ አልገባም። የበላ ልበልሃ ሙግት ቃሉ በጽሑፍ ሲቆይ፣ ዜማና ፍጥነቱ ከተሟጋቾቹ ጋር አለፈ። ላሊበላዎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት፣ የቆሎ ተማሪ ስለ ማርያም ብሎ የሚለምንበት ቃና፣ የአዋጅ ነጋሪት አመታት፣ ሁሉም ለዘመኑ ሰው ከመለመዳቸው የተነሣ ይቀረጹ የሚባሉ አልነበሩም። ለቀረጻ የሚመረጠው ብርቅ የሆነው ነው፤ ተሰማም በበርሊን ብርቅ እንግዳ ነበሩ።

ይህ ምርጫ በተሰማ ዘመን አላበቃም። በምዕራብ አዲስ አበባ የታክሲ ረዳት መድረሻውን እየጠራ ተሳፋሪ ሲሰበስብ የስሙን አንዱን ክፍል ያስረዝማል፣ ሌላውን ይውጠዋል፤ መንገደኛውም ታክሲው የት እንደሚሄድ የሚለየው ቃሉን አጥርቶ ከመስማቱ በፊት በዜማው ነው። በወረቀት ላይ የሚሰፍረው ግን «ኮልፌ 18 ማዞሪያ» የሚለው የቦታ ስም ብቻ ነው።