ናትናኤል ዴት፦ ከትንሿ ጸሎት ቤት እስከ ካርኔጊ አዳራሽ

በመዝሙር ሕንፃ ይሠራል ቢባል ማን ያምናል? በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በሃምፕተን ግቢ ውስጥ የሚገኘው ቨርጂኒያ ሆል ግን በአብዛኛው የተሠራው በመዝሙር ነው። ሃምፕተን ከባርነት ነፃ ለወጡ ጥቁሮች በ1868 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ እነሱና ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን ይዘምሯቸው የነበሩትን «ስፒሪቹዋል» የሚባሉ መንፈሳዊ መዝሙሮች እያሰሙ ገንዘብ ሰበሰቡ። ሕንፃውም በ1874 ተጠናቀቀ።

ነገሩ ደስ ይላል። ችግሩ ግን እዚያው ውስጥ አለ። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው መስማት የሚፈልገውን ይመርጣላ! ለጋሾቹ ነጮች ነበሩ፤ መስማት የሚወዱትም የድሮውን መዝሙር በድሮው መልኩ ነበር። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት ሰው፣ ሮበርት ናትናኤል ዴት፣ በዚሁ ግቢ 19 ዓመት የመዘምራን መሪ ሆኖ የኖረው ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ነው። መዝሙሩ የማን ነው? እንዴትስ ይዘመር?

ዴት የተወለደው ጥቅምት 11 ቀን 1882 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ባለችው ድራሞንድቪል በተባለች መንደር ነው። አካባቢው ከአሜሪካ ባርነት አምልጠው ድንበር የተሻገሩ ጥቁሮች የሰፈሩበት ነበር። አያቱ እነዚያን የጥንት መዝሙሮች ቤት ውስጥ ይዘምሩ ነበር። ልጁ ግን ያን ጊዜ ብዙም ቁም ነገር አላላቸውም። እሱን የሳበው ፒያኖ ነው። ታላላቅ ወንድሞቹ ፒያኖ ሲማሩ በጆሮው እየሰማ እነሱ የተማሩትን መልሶ ይጫወት ነበር ይባላል። ቤተሰቡ በ1893 ድንበሩን ተሻግሮ በኒው ዮርክ ግዛት ወዳለችው ናያጋራ ፎልስ ቢገባም፣ ከካናዳ በኩል ካለችው ጸሎት ቤታቸው አልተለያዩም። የብሪቲሽ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ትባላለች፤ ትንሽ የእንጨት ሕንፃ ናት። ዴት ከ1898 እስከ 1903 የዚች ጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ሲጀምር ገና የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚህ ጎን ለጎን ቱሪስት በሚበዛበት ሆቴል ተላላኪ ሆኖም ሠርቷል።

በ1903 ኦሃዮ ውስጥ ኦበርሊን ኮሌጅ ገባ። ኦበርሊን ጥቁሮችን ከነጮች እኩል በማስተማር ከቀደሙት የአሜሪካ ኮሌጆች አንዱ ነው። የዴት ሕይወት የተቀየረውም እዚያ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ክናይዝል የተባለ የአራት ሰዎች የክር ሙዚቃ ቡድን መጥቶ የቼኩን አቀናባሪ የድቮርዣክን ሥራ ተጫወተ። ድቮርዣክ በ1890ዎቹ አሜሪካ ኖሮ፣ የአሜሪካ ሙዚቃ መሠረቱን በጥቁሮች ዜማ ላይ መጣል አለበት ብሎ ብዙ ሰው ያስደነገጠ ሰው ነው። ዴት ዝግ ያለውን ክፍል ሲሰማ በሕይወት የሌሉት አያቱ ድምፅ መጣበት። ባሕር ማዶ የተወለደ ነጭ ሰው የጥቁሮቹን ዜማ በዚህ ደረጃ ሲያከብረው እሱ ራሱ ንቆት መኖሩ ሳያስቆጨው አልቀረም። ከዚያ ወዲያ የሚያቀናብረው ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ወደ እነዚያ መዝሙሮች ይመለሳል። በ1908 በሙዚቃ ዲግሪውን ይዞ ወጣ።

በቴኔሲ ሌን ኮሌጅ ሦስት ዓመት፣ በሚዙሪ ሊንከን ኢንስቲትዩት ሁለት ዓመት አስተምሮ በ1913 ሃምፕተን ገባ። በዚያ የሙዚቃ ኃላፊነትን የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ሃምፕተን በዋናነት እርሻ፣ አናጢነት፣ አንጥረኝነትና መምህርነት የሚያስተምር ግቢ ነበር። ሙዚቀኛ ልሁን ብሎ የመጣ ተማሪ አልነበረም። ዴት ከእነዚህ ልጆች ነው በኋላ አውሮፓ ድረስ የሄደውን መዘምራን ያወጣው።

በ1914 የታተመው «ሊሰን ቱ ዘ ላምብስ» የተባለው ሥራው የአሠራር ዘዴውን በደንብ ያሳያል። ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ አቀናባሪዎች መዝሙሩን እንዳለ ወስደው አዝማቹንና ስንኙን በአራት ድምፅ ያስማሙት ነበር፤ በቃ። ዴት ግን ከመዝሙሩ አንዲት ቁራጭ ዜማ ይወስድና እንደ ዘር ይዘራታል። በስምንት ድምፅ የተከፈሉት መዘምራን ያለ ምንም መሣሪያ እየተቀባበሉ ያሳድጓታል፣ ያሰፏታል፣ በመሀል አንዲት ሴት ብቻዋን ትወጣበታለች። ሙዚቃው የጥቁሮቹ ነው፤ አሠራሩ ደግሞ የእነ ባኽ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ለአንዳንዱ ጆሮ ደስ አላለም። መዝሙሩን ከተፈጥሮው አራቀው የሚሉ ነበሩ። በእኔ አስተያየት ግን ዴት የፈለገው ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው የጥቁሮችን ዘፈን መሳቂያ የሚያደርጉበት መድረክ ገና አልጠፋም ነበር። መዝሙሩን ከዚያ ሳቅ አውጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ትልቁ አዳራሽ ማስገባት ነበር ሐሳቡ።

ራሱም ከመማር አላረፈም። በ1920 እና 1921 ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ሃርቫርድ ተማረ፤ እዚያም ስለ ጥቁሮች ሙዚቃ ነፃ መውጣት በጻፈው ድርሰትና በአንድ የመዘምራን ሥራው ሁለት ሽልማት አገኘ። ከ1924 እስከ 1926 የጥቁር ሙዚቀኞች ብሔራዊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። በ1929 ፈረንሳይ ሄዶ ከታዋቂዋ መምህርት ከናዲያ ቡላንዤ ዘንድ ተማረ። ያኔ 46 ዓመቱ ነው!

ወደ ግቢው እንመለስ፤ ነገሩ የከረረው እዚያ ነውና። በ1925 በሃምፕተን ኦግደን አዳራሽ አንድ የዳንስ ትርኢት ሲቀርብ አንዲት ነጭ ሴት ከጥቁሮች አጠገብ ተቀመጠች። ባሏ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ጉዳዩን በጋዜጣው አራገበው። በማግስቱ ዓመት የቨርጂኒያ ምክር ቤት በማንኛውም የሕዝብ አዳራሽ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ እንዲቀመጥ ሕግ አወጣ። (ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎች አንድ አዘጋጅ ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ ያለ አይመስለኝም።) ዴት ኮንሰርት የሚያዘጋጅበት አዳራሽ ይኸው ነበር።

በጥቅምት 1927 ደግሞ ተማሪዎቹ አመፁ። ፊልም ሲታይ ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች በጨለማ እንዳይቀመጡ ተብሎ የአዳራሹ መብራት እንዲበራ መደረጉ ነበር የቅርብ ምክንያቱ። ትልቅ ሰው ሆነው እንደ ሕፃን መጠበቃቸው አስመርሯቸው ነበር። በማግስቱ እሑድ የጎልድ ኮስት እንግሊዛዊ ገዥ የነበሩት ሰር ጎርደን ጉጊስበርግ እንግዳ ሆነው መጡ። እንደ ልማዱ ስፒሪቹዋል ዘምሩ ሲባሉ ተማሪዎቹ ዝም አሉ። አፋቸውን አልከፈቱም። ያ ሁሉ ሕንፃ የተሠራበት መዝሙር ለእንግዳ ማስደሰቻ እንዳይሆን እምቢ አሉ ማለት ነው። በዚያው በ1927 ዴት በሃምፕተን የሚዘመሩትን የጥቁሮች መንፈሳዊ ዜማዎች ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። ተማሪዎቹ በዝምታ፣ መምህሩ በመጽሐፍና በድርሰት፣ ስለ አንድ ነገር ይታገሉ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በ1928 መዘምራኑ በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ዘመሩ። በ1930 ደግሞ 40 የሚሆኑ መዘምራን ይዞ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። እንግሊዝ፣ ሆላንድ፣ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ፤ ሰባት አገር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ስፒሪቹዋል ብቻ ሳይሆን የአውሮፓና የሩሲያ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃም ነበረበት። ያባቶቻችንን ብቻ ሳይሆን የእናንተንም እንችላለን እንደማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጉዞ በኋላ ሹመት ይጠበቃል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከግቢው አስተዳደር ጋር አልተስማማም ነበርና በ1931 እንዲለቅ ተጠየቀ፤ በ1932 ሃምፕተንን ተሰናበተ።

ወደ ሮቼስተር ሄዶ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ50 ዓመቱ ገደማ ማስተርሱን ያዘ። «ዘ ኦርደሪንግ ኦቭ ሞዝስ» የተባለው ትልቁ ሥራው የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ሙሴ እስራኤላውያንን ከግብፅ ባርነት ይዞ ሲወጣ የሚያሳይ፣ ለመዘምራን፣ ለነጠላ ድምፃውያንና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ ነው። ጥቁሮች በባርነት ዘመን ስለ ሙሴ ይዘምሩት የነበረው ዜማም መሠረቱ ሆኖ ገብቷል። ግንቦት 7 ቀን 1937 በሲንሲናቲ የግንቦት ፌስቲቫል ላይ ዩጂን ጉሰንስ መርቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ፤ ኤንቢሲ ሬዲዮም በቀጥታ ለመላው አገር ያስተላልፍ ነበር።

ሦስት አራተኛው ያህል እንደተሰማ ስርጭቱ ተቋረጠ። አስተዋዋቂው ገብቶ፣ ቀድሞ በተያዘ ፕሮግራም ምክንያት መቀጠል እንዳልተቻለ ተናግሮ ወጣ። የጥቁር ሰው ሥራ ለምን ይተላለፋል የሚሉ ስልኮች ስለበዙ ነው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አለ። ሬዲዮ የሚያስተላልፈውን ሥራ ርዝመት አስቀድሞ ያውቃል፤ ፕሮግራሙ ሲያዝ ሰዓቱ ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ ያ ምክንያት እኔን አያሳምነኝም። አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሕዝብ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ቤቱ ሬዲዮ ከፍቶ የተቀመጠው ግን ባሕሩ ተከፍሎ ሕዝቡ ነፃ ወጥቶ ሲዘምር ሳይሰማ ቀረ። በ2014 የሲንሲናቲ መዘምራንና ኦርኬስትራ በጄምስ ኮንሎን መሪነት ሥራውን በካርኔጊ አዳራሽ ሙሉውን ሲያቀርቡት፣ ያም ምሽት በሬዲዮ ተላልፏል። ሳይቋረጥ።

ዴት ከ1937 ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ፣ ቤኔት በተባለው የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ሙዚቃ አስተማረ። ጦርነቱ ሲመጣ በ1943 ለወታደሮች የመዝናኛ አገልግሎት በሚሰጠው ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሴቶች ጦር ክፍል መዘምራንን ይመራ ጀመር። ከእነሱ ጋር ሚሺጋን ባትል ክሪክ እንዳለ ጥቅምት 2 ቀን 1943 በልብ ሕመም ሞተ። 61 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የተቀበረው ድንበሩን ተሻግሮ፣ በኦንታሪዮ ናያጋራ ፎልስ ነው። ኦርጋን ይጫወትባት የነበረችው ጸሎት ቤት ዛሬም አለች፤ ከ1983 ወዲህ የምትጠራው በእሱ ስም ነው።