የዶክቶር ዊልያም ክሮል አጭር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት አያቴ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ስለ ተሰበረ፣ ሐኪሞች ከቲታኒዩም ቅይጥ የተሠራ ሰው ሠራሽ ዳሌ አገቡላቸው። ከዚያ ወዲህ አያቴን አንድ ሐሳብ አስጨነቃቸው፤ ብረቱ በደም መካከል ተቀምጦ አይዝግም ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። የሳይንስ ተማሪ ሆኜ አላውቅም ማለቱን አፈርሁና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። በፍለጋዬ ያገኘሁትን የአንድ ሊቅ ታሪክ ለክቡራን አንባቢዎች አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክቶር ክሮል በ1889 በሉክሰምቡርግ አገር፣ የብረት ማዕድን በሚቆፈርባት በኤሽ ከተማ ተወለዱ። በበርሊን ስለ ብረታ ብረት ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱና የግል ላቦራቶሪ አቋቋሙ። በዚያም ቲታኒዩምን ለማውጣት ታገሉ።

ቲታኒዩም በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ሞልቷል። ነገር ግን ኦክሲጅንን አጥብቆ ይወዳል፤ ግሎ ሳለ አየር ካገኘ ይጠጣዋል፤ ከጠጣም በኋላ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። በ1910 ማቲው ሃንተር የተባለ ሊቅ በአሜሪካ ንጹሑን አውጥቶ ነበር፤ ያገኘው ግን ጥቂት ነው። ክሮል ማዕድኑ በክሎሪን ተለውጦ የሚገኘውን ፈሳሽ ከቀለጠ ማግኒዚየም ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አገናኙ። ማግኒዚየሙ ክሎሪኑን ሲነጥቅ ቲታኒዩሙ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ይቀራል። አየር እንዳይገባም ዕቃውን አርጎን በሚባል ጋዝ ሞሉት።

በ1938 ሥራቸውን ይዘው አሜሪካ ቢሄዱ ኩባንያዎቹ ፊት ነሷቸው። በ1940 መጀመሪያ፣ የጀርመን ጦር አገራቸውን ከመያዙ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው፣ ቤታቸውንና ላቦራቶሪያቸውን ትተው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት የፈጠራ ባለመብትነት ወረቀት ተሰጣቸው፤ ነገር ግን አገራቸው በጠላት እጅ ስለ ነበረች የአሜሪካ መንግሥት የጠላት ንብረት ነው ብሎ ወረሰባቸው። ከጠላት ሸሽቶ የመጣን ሰው ከጠላት መቁጠር እጅግ ያስገርማል! ክሮል ግን ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ከረሙ። ከ1945 ጀምሮም በኦሪገን ክፍለ አገር ዚርኮኒዩም የተባለውን ሌላ ብረት በዚሁ ዘዴ ያወጡ ነበር። በ1948 ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በእርሳቸው መንገድ የተሠራ ቲታኒዩም ለገበያ አወጣ። ክሮልም በ1973 በብራስልስ አረፉ።

ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። ክሮልን ያን ያህል ያደከመው የቲታኒዩም የኦክሲጅን ፍቅር፣ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ጠባቂው ይሆናል። አየር እንደ ነካው ወዲያው በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ የሚለካ ስስ የኦክሳይድ ልባስ ይለብሳል፤ ቢጫርም ልባሱ መልሶ ይሸፍነዋል። በዚህ ምክንያት የሰውነት ፈሳሽ ብረቱን አይበላውም። የዛሬ ሊቃውንት በዚህ ልባስ ላይ ሌላ ይጨምሩበታል። አንዳንዶቹ በኤሌክትሪክ ያወፍሩታል፤ አንዳንዶቹ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነክረው ያግሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የአጥንትና የጥርስ ማዕድን የሆነውን ሃይድሮክሲአፓታይት ይቀቡታል። አጥንቱም ይህን እንደ ዘመዱ ቆጥሮ ይጣበቅበታል። ሐኪሙ እንደ ነገሩን፣ የአያቴ ዳሌ የለበሰው ይህንኑ የመጨረሻውን ነው።

ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው አያቴ ስለ ልባሱ ብዙም አልጠየቁኝም። አጥብቀው የጠየቁኝ ያ ስደተኛ የተወረሰበት ወረቀት ተመልሶለት እንደ ሆነ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ እንደ ተመለሰላቸው ነገርኋቸው። እሰይ ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ።